ብረትን ከብረት ማጋጠም፦ የብየዳ አጭር ታሪክ



ከመካከላችን በቤቱ ውስጥ የተበየደ ነገር የሌለው ሰው አይገኝም። የግቢያችን በር፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ የምንተኛበት አልጋ፣ እድራችንም ለለቅሶ የሚያውሰው የድንኳን ምሰሶና አግዳሚ ወንበር ሁሉ የበያጅ እጅ ያለፈበት ነው። ይህን ያህል የምንገለገልበት ሥራ ከየት እንደ መጣና ስንት ሰው ዋጋ እንደ ከፈለበት ማወቅ ደግ ነው ብዬ ይህችን ጽሑፍ አቀረብኩ። እኔ መሐንዲስም በያጅም አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ለበያጆች ኤሌክትሮድ እየቆጠርኩ ሳስረክብ ከእነሱ የሰማሁትንና ኋላም ያነበብኩትን ነው የምጽፈው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የነበረው የቀጥቃጭ ብየዳ ነው። ቀጥቃጩ ሁለቱን ብረት በወናፍ እሳት ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ያግልና አነባብሮ በመዶሻ ሲቀጠቅጣቸው አንድ ይሆናሉ። በህንድ አገር በዴልሂ ከተማ የቆመው የብረት ዓምድ ቁመቱ 7 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ6 ቶን በላይ ሲሆን፣ የዛሬ 1600 ዓመት ገደማ ብረት በብረት ላይ በዚሁ መንገድ እየተጣበቀ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ እሳት ውስጥ ሊገባ የማይችለውን ትልቅ ነገር፣ ለምሳሌ የመርከብን ጎን፣ በዚህ ዓይነት ማያያዝ አይቻልም። ስለዚህ ላሜራው እየተበሳ፣ ሪቬት የሚባለው ባለ ራስ ምስማር በእሳት እየጋለ፣ በመዶሻ እየተመታ ነበር መርከብም ድልድይም የሚሠራው።

መፍትሔው የመጣው ከኤሌክትሪክ ነው። በ1880ዎቹ ኒኮላይ ቤናርዶስ የተባለ የሩሲያ ግዛት ሰው የከሰል ዘንግ ከብረት ጋር አቀራርቦ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ነበልባል ብረትን አቅልጦ ማጋጠም ቻለ። በ1888 ደግሞ የአገሩ ሰው ኒኮላይ ስላቭያኖቭ ከሰሉን ትቶ በምትኩ የብረት ዘንግ አደረገ። ዘንጉ ራሱ እየቀለጠ መጋጠሚያውን ይሞላል ማለት ነው። እኛ አገር የኦክሲጅን ብየዳ የምንለው፣ ከካርባይድ የሚወጣውን ጋዝ ከኦክሲጅን ጋር አንድዶ የሚያቀልጠው፣ በፈረንሳይ አገር የተሠራው በ1903 ገደማ ነው።

ታዲያ አንድ ችግር ቀረ። የቀለጠ ብረት አየር ሲነካው ጋዝ ይቋጥራል፤ ሲበርድም ውስጡ ይቦረቦርና ተሰባሪ ይሆናል። ይህን ያቃለለው ኦስካር ሼልበርይ የተባለ ስዊድናዊ የመርከብ መካኒክ ነው። በ1904 ኤሳብ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፣ የብረቱን ዘንግ በማዕድን ልቁጥ ውስጥ እየነከረ ልባስ አለበሰው። ልባሱ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ አየሩን ይከላከላል፤ የቀረውም ቅርፊት ሆኖ ብረቱ እስኪበርድ ድረስ ይሸፍነዋል። በያጁ ሥራውን ሲጨርስ በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገ የሚያራግፈው ያ ቅርፊት ነው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በያጅ የሰጠሁትን ካርቶን ኤሌክትሮድ መለሰልኝ። «ይኼ እርጥበት ጠጥቷል፤ ደረቅ አምጣ» አለኝ። ቢበይድበት ማን ያውቅበታል ብዬ ገረመኝ። ለካ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ እንኳ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ብየዳ ዓለምን ያስደነቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የጭነት መርከቦችን እያሰጠሙ ስላስቸገሩ፣ አሜሪካኖች ሪቬቱን ትተው በብየዳ መርከብ ያመርቱ ጀመር። ከ1941 እስከ 1945 ሊበርቲ የተባሉትን ብቻ 2,710 ሠሩ። ወንዶቹ ስለ ዘመቱ ብዙ ሴቶች ብየዳ ተምረው ገቡ። ከእነዚሁ መርከቦች አንዱን በ1942 ኅዳር ወር ለትንግርት ያህል አምስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ገጣጥመው ባሕር ላይ አወረዱት።

ነገር ግን በጥር 16 ቀን 1943 ስኬነክታዲ የተባለ አዲስ የነዳጅ መርከብ በኦሬገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ በረጋ ውኃ ላይ ታስሮ እንደ ቆመ ከሩቅ በተሰማ ድምፅ ወገቡ ላይ ተሰበረ። ማዕበል የለ፣ ጠላት የለ! ብርድ ብቻ ነበር። ሌሎችም መርከቦች ተሰነጠቁ፤ ባሕር ላይ ለሁለት የተከፈሉም ነበሩ።

መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው በበያጆቹ ላይ ነው። እውነትም የተበላሸ ብየዳ አልጠፋም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ኮንስታንስ ቲፐር መርምራ እንዳሳየችው፣ ዋናው ነገር የዚያን ጊዜው ብረት ብርድ ሲበረታበት እንደ ብርጭቆ የሚሰበር መሆኑ ነው። ብየዳው ደግሞ ስንጥቁን መንገድ ሰጠው። በሪቬት የተያያዘ መርከብ ላይ ስንጥቅ ቢነሣ ላሜራው ሲያልቅ ይቆማል፤ ቀጥሎ ያለው ሌላ ላሜራ ነውና። በብየዳ የተሠራው ግን ሁሉም አንድ አካል ስለሆነ የሚያቆመው የለም፤ ዳር እስከ ዳር ይሮጣል። በዚህም ምክንያት የተሻለ ብረት መረጡ፤ ስንጥቅ የሚጀምርበትን የመጫኛ አፍ ማዕዘን አጠናከሩ፤ በአንዳንድ ቦታም ስንጥቅ ማቆሚያ እንዲሆን የናቁትን ሪቬት መልሰው አስገቡ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ተረሳ እንዳይባል የ1980ውን ልጨምር። በሰሜን ባሕር ላይ አሌክሳንደር ሼላንድ የተባለ፣ በብረት እግሮች የሚንሳፈፍ የነዳጅ ሠራተኞች ማደሪያ ነበር። በመጋቢት 27 ቀን ማታ፣ በማዕበል መካከል፣ አንዱ እግር ተገንጥሎ ማደሪያው ተገለበጠ። በውስጡ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። መነሻው ሲመረመር ለአንዲት የድምፅ መቀበያ መሣሪያ መያዣ ተብላ የተበየደች 6 ሚሊሜትር ብየዳ ሆና ተገኘች። ሸክም አትሸከምም ተብላ እንደ ዋዛ የታየች ነበረች። የሚያሳዝነው ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ቀለም ተገኘ። ማደሪያው ገና ቀለም ሲቀባ ስንጥቁ ነበረ፤ ቀለሙ ሸፈነው እንጂ አልፈወሰውም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ቀላል ነው። ብየዳ ሁለቱን አንድ ያደርጋል፤ አንድ የሆነ ነገር ደግሞ ብርታቱም ስብራቱም የጋራ ነው። ስለዚህ በር ስናሠራም ሆነ የእድራችንን ድንኳን ምሰሶ ስናስጠግን፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቅርፊቱ ተራግፎ መጋጠሚያው ሁሉ ይታይ። ጎን ለጎን ነካ ነካ ተደርጎ የተተወ ካለ በያጁን «ወንድሜ፣ ይህችን ድገማት» ማለት ነውር የለበትም። ከምሰሶው ሥር ለለቅሶ የሚቀመጠው ራሳችን ነንና።