ቫስኩላይተስ፦ የደም ሥር ብግነት

ቫስኩላይተስ የደም ሥር ግድግዳ በብግነት ሲጎዳ የሚሰጠው የሕክምና ስም ነው። በአማርኛ «የደም ሥር ብግነት» ቢባል በደንብ ይገልጸዋል። «ሥር» ብቻውን አይበቃም፤ በእኛ አነጋገር ጅማቱም ነርቩም ሥር ይባላልና። ብግነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው የሰውነት የገዛ መከላከያ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ ነገር ያገኙ ይመስል የደም ሥሩን ግድግዳ ያጠቃሉ። ግድግዳው ሲጎዳ ደም ይፈሳል ወይም መንገዱ ይዘጋል፤ በዚያ ሥር የሚመገበው የአካል ክፍልም ይጎዳል።

ዓይነቱ ብዙ ነው። እዚህ የማነሣው ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች የሚያጠቃውን፣ «ግራኑሎማቶሲስ ዊዝ ፖሊአንጃይተስ» ወይም በአጭሩ ጂፒኤ የሚባለውን ነው። ቀድሞ በጀርመናዊው ሐኪም በፍሬድሪክ ቬግነር ስም ይጠራ ነበር፤ የናዚ ፓርቲ አባልነቱ ከተገለጠ ከዓመታት በኋላ፣ በ2011 እ.ኤ.አ.፣ የሐኪሞች ማኅበራት ስሙን ቀየሩት። በሽታው ብዙ ሰው አይዝም። ሆኖም የያዘውን ሰው በጣም የሚጎዳው ሌላ በሽታ መስሎ መቆየቱ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአፍንጫ ነው፤ የማይለቅ መታፈን፣ ደም የቀላቀለ ቅርፊት፣ ነስር፣ አንዳንዴም የጆሮ መደንቆር። በአዊ ዞን እንዳለችው እንጅባራ ባለ ብርዳማ ደጋ ይህን ሁሉ «ሳይነስ ነው» ወይም «ብርዱ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ቀጥሎ ሳንባ ይመጣል። ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ትኩሳት፣ መክሳት፣ በራጅ ላይም የተቦረቦረ ጥላ። በአገራችን ይህን ያየ ሐኪም መጀመሪያ ቲቢን ቢጠረጥር ትክክል ነው። የአክታውና ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ ምርመራ ውጤት ነጻ ሆኖ፣ የቲቢ መድኃኒቱም ተወስዶ ሕመምተኛው እየባሰበት ከሄደ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ዓይን ሊቀላና ሊያም፣ በእግር ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ ሊወጣ፣ እግር ሊደነዝዝም ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኩላሊት ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ማጣሪያ እንደ ክር ልቃቂት የተጠቀለለ የቀጫጭን ደም ሥሮች ስብስብ ነው። ብግነቱ እዚያ ሲገባ ቀይ የደም ሴልና ፕሮቲን ወደ ሽንት ይሾልካሉ። እኛ «ኩላሊቴን አመመኝ» የምንለው ወገባችንን ሲወጋን ነው፤ ይህኛው ግን ሳያም ኩላሊትን በሳምንታት ውስጥ ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል። በአሜሪካ 158 ሕመምተኞችን ተከታትሎ በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያ ላይ ኩላሊታቸው የተነካው 18 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ግን 77 በመቶ ደረሱ። መጀመሪያ ነጻ የነበረ ሽንት ደጋግሞ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ይህ ምርመራ ሩቅ አገር አያስኬድም። ጠባብ የመመርመሪያ ቁራጭ ሽንት ውስጥ ተነክሮ ይወጣል፤ ደም ካለ ቢጫው ምልክት በደቂቃ ውስጥ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በዓይን የማይታይ ደም እንኳ በዚህ ይያዛል። ስለዚህ ዳንግላ ውስጥ ለወራት አፍንጫው የደማና ሳሉ ያልለቀቀው ሰው የሽንት ምርመራና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የክሬያቲኒን የደም ምርመራ እንዲታዘዝለት ቢጠይቅ መብቱ ነው። ውጤቱ ካጠራጠረ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ሪፈር መባል ያስፈልገዋል፤ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «አንካ» የተባለው የደም ምርመራና ከተጎዳው ክፍል የሚወሰድ ናሙና በሽታውን ለመለየት ይረዳሉ። ኩላሊቱ ጨርሶ ከደከመ በኋላ የሚቀረው እጥበት ነው፤ ንቅለ ተከላም በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። ሁለቱም ግን ለአንድ የአዊ ገበሬ ቤተሰብ ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ መገመት አያዳግትም።

በጊዜ የተደረሰበት ሰው ግን ከሞት ይተርፋል ለማለት የሚያስደፍር ሕክምና አለ። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ከአሥር ሕመምተኛ ስምንቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ዛሬ ፕሬድኒሶሎን ከሳይክሎፎስፋማይድ ወይም ከሪቱክሲማብ ጋር ተሰጥቶ አብዛኛው ሰው ይረጋጋል። ፕሬድኒሶሎንን ተሻለኝ ብሎ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። በሽታው ሊያገረሽም ስለሚችል፣ ከተሻለ በኋላም የሽንት ምርመራው ለዓመታት ይቀጥላል።