«ሮጀር» ከማለት ቁልፍ ወደ መጫን

ከቦሌ እስከ አስመራ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር በመካነ ሰላም አናት አጠገብ ያልፋል። ቦረና ለአውሮፕላን ድምፅ እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በዳኮታ በረራ ጀመረ፤ መካነ ሰላምም የራሷ ማረፊያ ሜዳ ኖሯት በዓለም አቀፉ መዝገብ «ኤም ኬ ኤስ» የሚል ምልክት አግኝታለች።

የዚያን ዘመን አብራሪ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሬዲዮ ነበር። የቪኤችኤፍ ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። እንደ አምባ ፈሪት ካለ ተራራ ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚበር አብራሪ ቢጣራም ላይሰማ ይችላል። የባሰው ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ነው፤ የሁለቱም ቃል በጩኸት ይዋጣል። በ1977 ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰዎች ላለቁበት አደጋ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ከብዙ ጥናት በኋላ መፍትሔው ጽሑፍ ሆነ። ቃንታስ በ1995 በፓስፊክ ላይ በ747 ጀመረው። ተቆጣጣሪው የላከው ትዕዛዝ ኮክፒት ውስጥ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ አብራሪው «እፈጽማለሁ»፣ «አልችልም» ወይም «ጠብቅ» የሚለውን ይጫናል። አውሮፓ ከ2020 ወዲህ ከ28,500 ጫማ በላይ ለሚበሩ አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ግዴታ አድርጋዋለች።

ታዲያ መሣሪያው በምን ይመዘን? በፍጥነት ከተመዘነ ይሸነፋል። መልእክቱ ተልኮ፣ ተነቦ፣ መልስ እስኪመጣ ከድምፅ ይዘገያል፤ ለማረፍ ለተቃረበ አውሮፕላን አይሆንም። አብራሪውም ለማንበብ አንገቱን ይደፋል። ብዙ የማይወራለት ሌላ ኪሳራም አለ፦ በሬዲዮ አንዱ ሲታዘዝ ሌላው ይሰማል፣ ከፊቱ ማን እንዳለና ማዕበሉ የት እንደሆነ ያውቃል። ስክሪኑ ይህን የጎረቤት ወሬ ይነፍገዋል።

ለኢትዮጵያ ግን ከፍጥነቱ የሚበልጥ ሚዛን አለ። በመጋቢት 2024 የሶማሊያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እንዳስታወቀው፣ በ38,000 ጫማ ይበር የነበረ የኳታር 787 ከሐርጌሳ «ወደ 40,000 ውጣ» ተባለ። በመካከሉ፣ 39,000 ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ የሚሄደው የኢትዮጵያ ኤ350 ነበር። ደግነቱ የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ደረሰላቸው። ሞቃዲሾና ሐርጌሳ ያንን ሰማይ ሁለቱም «የእኔ ነው» ይላሉ፤ በሬዲዮ ደግሞ ማሰራጫ ያለው ሁሉ መናገር ይችላል። በጽሑፍ ሥርዓቱ ግን አውሮፕላኑ አስቀድሞ ይመዘገባል፣ በአንድ ጊዜ ትዕዛዝ የሚሰጠውም አንድ ማዕከል ብቻ ነው፤ የሌላውን ሥርዓቱ አይቀበልም። መሣሪያውን ስንዴና እንክርዳድ የሚያስለየው ይህ ነው። ሕጋዊው ተቆጣጣሪ ራሱ ከተሳሳተ ግን ስክሪኑ ስህተቱን አጥርቶ ያሳያል እንጂ አያርምም፤ ያኔ የሚቀረው ያው ማስጠንቀቂያው ነው።