የአናጂና ቁባዎች፦ ሐረርና ባሌ በድሬ ሼክ ሁሴን

ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊ መስጊዶች ሲጻፍ ቀድሞ የሚነሣው የትግራዩ ነጃሺ ነው፤ መንታ ነጫጭ ሚናራዎች ያሉት የሐረሩ ጀሚዕ መስጊድም ይከተላል። ከሮቤ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከዋቢ ሸበሌ ሸለቆ በስተደቡብ በተንጣለለው ቆላማ ሜዳ ላይ ያለው ድሬ ሼክ ሁሴን ግን ስሙ የሚጠራው በዘያሪዎቹ (በተሳላሚዎቹ) ብዛት ነው። ግንባታው ብዙም አልተጠናም። በእኔ እምነት የዚህ አንዱ ምክንያት የኪነ ሕንፃ አጥኚው ሕንፃውን፣ የሃይማኖት አጥኚው ደግሞ ዚያራውን ለየብቻ መያዛቸው ነው። አናጂና ተብሎም በሚጠራው በዚህ ቦታ ላይ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ሼክ ኑር ሁሴን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በባሌ እስልምናን እንዳስፋፉ ይነገራል፤ አንዳንድ ትውፊቶች የዘር ሐረጋቸውን ከሶማሊያዋ የወደብ ከተማ ከመርካ ይመዝዙታል። ባሌ በዚያ ዘመን ራሱን የቻለ የሙስሊም ግዛት ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል ኡመሪ ከኢፋት፣ ከደዋሮና ከሐዲያ ጋር ከሰባቱ የሙስሊም መንግሥታት አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና እሱን ተከትሎ የመጣው የሕዝብ እንቅስቃሴ ያንን ግዛት አፈረሰው። የሼኩ መታሰቢያ ግን አልጠፋም፤ በአካባቢው የሰፈረው የአርሲ ኦሮሞ ተቀብሎ የራሱ አደረገው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የሙዳን ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። የኦሮሞ ጎሳዎች ከሩቅ አገር ተነሥተው የሃይማኖት አባታቸውን አባ ሙዳን ሊሳለሙ ወደ ባሌ ይጓዙ ነበር። እስልምና ሲስፋፋ ይህ የእግር ጉዞ ወደ አናጂና ዞረ። ዘያሪዎች ዛሬም የሚይዙት ጫፉ ባላ የሆነ በትር፣ ኡሌ ሼክ ሁሴን፣ በየመንገዱ የሚዜመው ባህሮና በኦሮምኛ የሚወርደው ውዳሴ የዚያ ሽግግር ሕያው ምስክሮች ናቸው። ቢ. ደብልዩ. አንድርዜየቭስኪና ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ስለ ሼኩ ያጠኑት በአብዛኛው ይህንኑ የቃል ሀብት ተከትለው ነው።

ግንባታው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ሐረር ይመራናል። በሼኩ መቃብር ላይ ቁባውን፣ ማለትም ባለ ጉልላቱን ሕንፃ፣ ያሠሩት ከ1783 እስከ 1794 እ.ኤ.አ. የገዙት የሐረር አሚር አብዱሽኩር ኢብን ዩሱፍ እንደሆኑ ይወሳል። አሚሩ ከከተማቸው ግንብ ብዙ ቀናት በሚያስኬድ ሜዳ ላይ ይህን ማሠራታቸው እንዲሁ የተደረገ በጎ አድራጎት አይመስለኝም። ሐረር ከአርሲና ከባሌ ኦሮሞ ጋር ወዳጅነትና ንግድ ትሻ ነበር፤ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያከብረውን ቦታ በኖራና በድንጋይ ማክበር ደግሞ ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነበር። የቀድሞውን የሐረር ገዥ የአሚር ኑርን መቃብር በከተማዋ ውስጥ ያየ ሰው አናጂና ሲደርስ ዝምድናውን ይረዳል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በኖራ የተለሰነ ድቡልቡል ጣሪያ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ዝቅተኛ በር። ልዩነቱ ከአቀማመጡ ነው። የሐረሩ መቃብር በጠባብ መንገዶችና በቤቶች መካከል ሲገኝ፣ የአናጂናዎቹ ነጭ ሆነው ከሜዳው ላይ ከሩቅ ይታያሉ። ከዋቢ ማዶ በእግሩ ለሚመጣ ዘያሪ ይህ ንጣት ጉዞው መጠናቀቁን የሚያበስር ምልክት ነው።

በቅጥሩ ውስጥ ከሼኩ ቁባ ሌላ የዘመዶቻቸውና የተከታዮቻቸው መቃብሮች አሉ፤ ዙቅቱም የሚባለውን መስጊድ ደግሞ ትውፊት የሼኩ የራሳቸው ሥራ ያደርገዋል። ዘያሪው ቅጥሩን የሚረግጠው ጫማውን አውልቆ ነው። ከዚያ በቦታው ወዳሉት ኩሬና ዋሻዎች ይሄዳል፤ ጃዋራ የተባለውን ነጭ አፈር ለበረከት ይቀባል፣ ይይዛልም። ስለዚህ መስጊዱ ብቻውን ተለክቶ ቢሣል ጥናቱ ጎዶሎ ነው፤ ኩሬው፣ ዋሻውና መንገዱ የዚያው ሥርዓት ክፍሎች ናቸውና።

በ1894 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ እዚህ ደርሶ ስለ ቦታው ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ባሌ የገባው የሰለፊ አስተምህሮ የመቃብር ዚያራን አጥብቆ ይነቅፋል፤ ተርየ ኦስተቦ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ክርክሩን በዝርዝር ተከታትሎታል። ያም ሆኖ በዙልሒጃና በረቢዑል አወል ወራት ሕዝቡ ዛሬም ይጎርፋል፤ ከመካከሉም ሙስሊም ያልሆኑ አሉበት።

ቦታው በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግን ድሬ ሼክ ሁሴን በዚያው በጊዜያዊው መዝገብ ላይ ነበር። እኔን ከመዘግየቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጥገናው ነገር ነው። በኖራ የተለሰነ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣልም፤ በሲሚንቶ ሲሸፈን እርጥበቱ ውስጡ ታስሮ ግንቡን ከውስጥ ይበላዋል። የአናጂና ቁባዎች እስካሁን የቆሙት በየጊዜው ኖራ የሚቀባቸው ሰው ስላልጠፋ ነው። ይህን ሥራ የሚያውቁት ዳርጋ የሚባሉት የመቃብሩ ጠባቂዎችና የአካባቢው ግንበኞች ናቸው። የኪነ ሕንፃ ትምህርት ክፍሎቻችንና የቅርስ ባለሥልጣኑ ከማናቸውም እድሳት በፊት እያንዳንዱን ቁባ ለክተው ይሣሉ፤ የኖራውን አዘገጃጀትም ከባለሙያዎቹ አፍ ይመዝግቡ።