የእባብ ሰውዬው አስተማሪዎች

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የእባብ ባለሙያ ነው፤ ሮሙለስ ዊተከር ይባላል። ታሪኩን ሳጠና ግን ልቤን ይበልጥ የሳቡት እሱን ያስተማሩት ሰዎች ናቸው።

ዊተከር እ.ኤ.አ. በ1943 ኒው ዮርክ ተወለደ። በ1951 ከእናቱ ጋር ወደ ህንድ ሄደ። እኛ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን፤ እሱ ግን ከልጅነቱ እባብ ወዳጅ ነበር። ወጣት ሳለ ማያሚ ውስጥ የእባብ መርዝ ከሚያልበው ከቢል ሃስት ጋር ሠራ። በ1967 ወደ ህንድ ተመለሰ።

እዚያ፣ ዛሬ ቼናይ በምትባለው በማድራስ አካባቢ፣ ኢሩላ የሚባል ማኅበረሰብ ይኖራል። ኢሩላዎች እባብ እያደኑ ቆዳውን ለነጋዴ ይሸጡ ነበር። አፈር ላይ ያለችውን ትንሽ ዱካ፣ እባቡ ጥሎት የሄደውን ቅርፊት አይተው የትኛው እባብ የት ጉድጓድ እንደገባ ያውቃሉ። ይሄን በትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ ከእናት ከአባታቸው ነው ያገኙት። ዊተከርም ተከትሏቸው እየዞረ ተማረ። ከዚያ ማድራስ ውስጥ የእባብ ፓርክ ከፈተ፤ ሕዝቡ መርዛማውን ከማይነካው እንዲለይ፣ ያየውን ሁሉ እንዳይገድል ያስተምር ጀመር።

በ1972 ህንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አወጣች። ጥቂት ዓመት ቆይቶም የእባብ ቆዳ ንግድ ቀረ። ለእባቡ መልካም ሆነ። ኢሩላዎችስ? እንጀራቸው ተቆረጠ። ከዘመን ዘመን የመጣ እውቀታቸው ባንድ ጊዜ ወንጀል ሆነ።

በ1978 መፍትሔ ተገኘ። ዊተከርና ኢሩላዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ሥራው ያው እባብ መያዝ ነው፤ አሁን ግን በሕይወቱ ይያዛል፣ ጥቂት ሳምንት እየቆየ መርዙ ይታለባል፣ ከዚያ ወደ ዱር ይለቀቃል። መርዙ ለመድኃኒት ሠሪዎች ይሸጣል። እነሱም በትንሽ በትንሹ ፈረስ ይወጉበታል፤ የፈረሱ ደም መርዙን የሚከላከል ነገር ሲያበጅ ከዚያ ማርከሻው ይሠራል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከ2000 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ህንድ ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ ተነድፎ እንደሞተ ተመራማሪዎች ገምተዋል።

በ2017 ደግሞ ማሲ ሳዳያንና ቫዲቬል ጎፓል የሚባሉ ሁለት ኢሩላዎች ፍሎሪዳ ተጠሩ። እዚያ ከውጭ የገባ ዘንዶ የአገሩን እንስሳ እየፈጀ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ 13 ዘንዶ ያዙ።

ዊተከር በ2018 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የህንድ መንግሥት የክብር ሽልማት ተቀበለ። ኢሩላዎቹ ማሲና ቫዲቬል ያንኑ ሽልማት ያገኙት ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2023 ነው።

ይሄን ለእናንተ ያመጣሁት ለምን መሰላችሁ? ብዙዎቻችን ቤት እርሻውን፣ ከብቱን፣ ሸክላውን፣ ብረቱን አሳምረው የሚያውቁ አያቶች አሉ፤ እዚህ ሲመጡ ግን «ያልተማሩ» ተባሉ። ኢሩላዎችም እንደዚያ ይባሉ ነበር። እውቀታቸው ሳይጠፋ የተረፈው ቁጭ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ስለተገኘ ነው። እናንተም በዚህ ሳምንት አያታችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፣ በስልካችሁም ቅዱት።