የእንጦጦ ጢስና የቤተ ሰብ ሸክም

የመጠጥ ታሪክ በተወሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው የጠጪው ስም ነው። ጠጁን ማን እንደ ጣለ፣ እሳቱን ማን እንደ ማገደ፣ የጠጪው ልጆች በማግሥቱ ምን እንደ ቀመሱ ግን እምብዛም አይነገርም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ የተዘረጋው የእንጦጦ ግርጌ ይህን የተዘነጋ ገጽ ለመመልከት የተመቸ ስፍራ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ጠጅ የግብር አዳራሽ ክብር ነበር። የሰፊው ሕዝብ ጠላም ቢሆን በአብዛኛው ከበዓል፣ ከሠርግና ከማኅበር ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ቀንና ወሰን ነበረው። አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ ግን መጠጥ ከድግስ ወጥቶ ወደ ገበያ ገባ። ጠጅ ቤቱና አረቄ ቤቱ በየመንደሩ ሲከፈት፣ የበዓሉ ዋንጫ የዕለት መለኪያ ሆነ።

በዚያው ዘመን የተተከለው ባሕር ዛፍ የእንጦጦን ተዳፋት አለበሰ። የከተማይቱን ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ያወረዱት ግን በአመዛኙ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ካቲካላ ከጌሾና ከብቅል ድፍድፍ የሚወጣው ጋኑ በእሳት ላይ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ነው፤ ስለሆነም አረቄ ብዙ እንጨት ይበላል። ባሏ ገቢውን ለመጠጥ ያዋለባት እናት ልጆቿን ለማሳደግ ያላት አማራጭ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነበር፤ እንጨት መሸከም ወይም አረቄ ማውጣት። በዚህም ምክንያት የአንዲቱን ቤት እንጀራ የሚጋግር እሳት የጎረቤትን ምድጃ ሲያጠፋ ኖሯል። የነገሩ ምሬት ያለው በዚህ ላይ ነው።

የጠጪ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። ልጆች ማታ የአባታቸውን ኮቴ አዳምጠው የሌሊቱን ጠባይ ያውቃሉ። ታላቂቱ ልጅ ሳይደርስባት እናት ትሆናለች። ሚስት ገመናዋ እንዳይወጣ ለዕድርተኛው ምክንያት ትፈጥራለች፤ ዕዳውን በስውር ትከፍላለች። ሸፋኝነቷ ከፍቅርና ከኀፍረት የመነጨ ቢሆንም፣ ደዌውን ያስረዝመዋል።

ቤተ ሰብም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሽማግሌ ልኳል፤ በነፍስ አባት አስገዝቷል፤ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዞ ወጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የዘወትር ሰካራሞች እንደ ነገሩ ሁኔታ ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ሊመሳሰሉ እንደሚችሉ ደንግጎ፣ በፍርድ እንዲከለከሉ የማመልከት መብት ለትዳር ጓደኛና ለዘመድ ሰጥቷል። ሕጉ የቤተ ሰቡን ንብረት ከብክነት ሊጠብቅ ቢችልም፣ የልጁን የሌሊት ፍርሃት ግን ሊፈውስ አልቻለም።

በሌላው ዓለምም ይህ ዘግይቶ የተስተዋለ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ በ1935 እ.ኤ.አ. የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ኅብረት ከተመሠረተ በኋላ፣ ከመሥራቾቹ የአንዱ ሚስት ሎይስ ዊልሰን በ1951 እ.ኤ.አ. አል-አኖን የተባለውን የቤተ ሰቦች ኅብረት ከባልንጀሮቿ ጋር አቋቁማለች። የተነሣችበት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ጠጪው ቢተውም ባይተውም፣ አብሮት የተጎዳው ሰው በራሱ እርዳታ ያሻዋል።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይህ መልካም ጅምር የሚሟላው ግን፣ ጠጪው በሚታከምበት ደጃፍ ሚስትና ልጆቹም ተጠርተው ሲጠየቁ ነው። ከእንጦጦ የወረደው ሸክም እንጨት ብቻ አልነበረምና።