ርካሿ ቮልስ ለምን ዕድሜ ጠገበች?



ባለፈው ዓመት ከመሥራች አባቶቻችን አንዱን በቀበርንበት ዕለት፣ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ከግቢው መነሣት የነበረባት አንዲት መኪና ነበረች። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። የእድራችን ድንኳን ከነብረቱ ስንት ጊዜ በፖርቶ መጋላዋ ላይ ተጭኖ ለቅሶ ቤት ደርሷል! ነጭ ቮልስዋገን ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1960 ሥሪት። ስድስት ሰዎች ሆነን ገፍተን አጥር ሥር አስጠጋናት። በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል ልጆቹ ስለ እርሷ መነጋገር ጀመሩ። ታላቅየው፣ “ምን ታወጣለች ብላችሁ ነው? ምናለሽ ተራ በኪሎ ቢወስዷት ነው እንጂ” አለ። እኅቱ ዝም አለች። ከጎናችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ የቀድሞ መካኒክ ግን ፈገግ ብለው፣ “ምንም ስለማታወጣ እኮ ነው እስከ ዛሬ ያለችው” አሉ።

ነገሩ ቀልድ መሰለን። ቤታችን ገብተን ስናስበው ግን ቀልድ አይደለም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ መኪና እየገዙ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። እነርሱ ዘንድ ዋጋ የሚያወጣው ብርቅ የሆነው ነው። ቮልስ ደግሞ ከብርቅነት የራቀች ናት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራውን የፎርድ ሞዴል ቲ በብዛት የበለጠችው እርሷ ናት። ሰብሳቢዎቹ የሚሻሙባቸው እ.ኤ.አ. እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠሩትን፣ የኋላ መስኮታቸው ለሁለት የተከፈለውን፣ እንዲሁም ጣሪያቸው የሚታጠፈውን ነው። ተራዋን ቮልስ ግን ላሜራዋን አስቆርጦ፣ አስበይዶና ቀለም አስቀብቶ እንደ አዲስ ማድረግ ብዙ ጊዜ ከመሸጫ ዋጋዋ በላይ ያስወጣል። በነጋዴ ሂሳብ ከሆነ ድሮ ማለቅ ነበረባት።

የመካኒኩ አነጋገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውድ መኪና ሁልጊዜ ፈላጊ አለው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ወይም እንዳይጫር ተብሎ ሸራ ለብሶ ይቆማል። የቆመ መኪና ደግሞ ይሞታል፤ ጎማው ይሰነጣጠቃል፣ ቤንዚኑ ካርቡራቶር ውስጥ ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይነክሳል። ርካሿ ግን ብትሸጥ የሚገኘው ገንዘብ ሌላ መኪና አይገዛም። ስለዚህ ባለቤቷ ዘንድ ትቀራለች። ስለቀረች ትነዳለች፤ ስለምትነዳ ትጠገናለች። የዋጋዋ ማነስ እንደ ዘበኛ ጠበቃት ማለት ይቻላል።

እርግጥ ዋጋ ማነስ ብቻውን አያድንም፤ አሠራሯም አለበት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የላትም፤ ራዲያተር የሌለው ደግሞ አይፈላም፣ አያፈስም። ዓባይ በረሃን ሽቅብ ሲወጡ ኮፈን ከፍተው ውኃ ከሚለምኑት መኪኖች አጠገብ ቮልስ ቱር ቱር እያለች ስታልፍ ያየ ሰው ይመሰክራል። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ሞተሯ በአራት ትልልቅ ቡሎኖች ከካምቢዮው ጋር ስለታሰረ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ያወርዱታል። ጥራቱ ዝቅ ያለ ቤንዚንም ቢሆን አያስቆጣትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ሳስቶ የማንኛውንም የቤንዚን ሞተር ጉልበት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ቮልስም ሽቅብ ላይ ታዘግማለች። እንጦጦን የወጣባት ሰው ትዕግሥት ተምሯል። ነገር ግን ትደርሳለች። ሌላም አለ፤ በአውሮፓ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው የመኪና ሆድ ይበላል። የኛ መንገድ ጉድጓድ ይኑረው እንጂ ጨው የለበትም።

ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ መኪና የንጉሥ ነገር ነበረች። ለመምህሩ፣ ለጸሐፊው፣ ለነርሱ ቅርብ ካደረጓት መካከል ቮልስና ጣሊያን ሠራሿ ፊያት ሰይቸንቶ ዋነኞቹ ናቸው። የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ባለታክሲዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ትንሽ ሞተር ምን ያህል በረከት እንደሆነ ብዙው ሰው ገባው። በዚያው ዓመት የተነሣው ማዕበል ደግሞ ቮልስን ታሪክ ውስጥ አስገባት፤ ስንት የከበሩ መኪኖች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ስንት ቤተሰብ የሚያከራየው ቤት ሄዶ አሮጌዋ ቮልስ በእጁ ቀረች። ከዚያ በኋላ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ አዲስ የግል መኪና ማስገባት ለጥቂቱ ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፣ ቀረጡ ግን አልቀለለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድበት አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ተወሰነ። አሮጌ መኪና እንዳይገባ የወጣው ሕግ ሁሉ ቀድማ የገባችውን አሮጌ ሲጠብቃት ኖረ። በሰማያዊና ነጭ ቀለም ስታገለግለን የኖረችው ላዳም በዚሁ መንገድ የሰነበተች ናት፤ እርሷም ብትሆን በሶቭየት ፋብሪካ የተወለደች የፊያት 124 ልጅ ናት።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዎቹ። መኪና ለብቻዋ አትኖርም፤ ጋራዥ ያኖራታል። የጋራዣችን ቋንቋ እንኳ ታሪክ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያን አፍ የመጡ ናቸው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃሉ እዚህ ቀረ፤ ልጆቻችንም ጀርመን ሠራሿን ቮልስ በጣሊያን ቃል እየጠሩ ይጠግኗታል። ዕቃ ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ይኬዳል። እዚያም ካልተገኘ አንዲት የሞተች ቮልስ ለሦስቱ ትከፋፈላለች፤ በሯ ለአንዷ፣ መሪዋ ለሌላዋ። ብዛቷ ዋጋዋን ቢያሳጣትም መለዋወጫ የሰጣት ያው ብዛቷ ነው። ብርቅ መኪና ይህን ዕድል ከየት ያገኛል?

እውነቱን ለመናገር ግን እያሞገስን ነውሯን አንደብቅ። ፍሬኗ ለዛሬ መንገድ አይበቃም፣ ጭሷም ጤና አይደለም። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ መሸፈኛው ከጠፋ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ ባትሪውን ይነካና እሳት ያስነሣል። ሦስት ወፈር ያሉ ለቅሶ ደራሾች ከኋላ የምትጭኑ አባላት ይህችን ነገር በቀልድ አትለፏት፤ ወንበሩን አንሡና እዩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ርካሽ መኪናን የሚያኖራት አንድ ሰው ነውና ያ ሰው ሲሞት አደጋ ላይ ትወድቃለች። የውዱን ዋጋ ወራሽ ሁሉ ያውቀዋል፤ የርካሿን ጠባይ የሚያውቃት ግን ሟቹ ብቻ ነው። በእድራችን ውስጥ እንኳ ሊብሬው በሟች ስም ቀርቶ፣ ወራሾች ተስማምተው የወራሽነት ማስረጃ ሳያወጡ፣ ቦሎ ሳይለጠፍላት ግቢ ውስጥ የበሰበሰች መኪና አይተናል። ሊብሬያችሁ የት እንዳለ ዛሬ ማታ ለቤተሰባችሁ ንገሩ።

የኚያ አባታችን ቮልስ እንዲህ አልሆነችም። ከአርባው በኋላ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ሲያልቅ ልጅቱ፣ “ለእኔ ትሁን፤ ድርሻችሁን እከፍላለሁ” አለች። ወንድሞቿ ሳቁ እንጂ አልተቃወሙም። ከወንበሩ ሥር አባቷ ዘይት የቀየሩበትን ቀን ሁሉ የጻፉበት ደብተር ተገኘ። በእሑድ ጠዋት ተሰብስበን ቁልቁለቱ ላይ ገፋናት፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተነሣች። አደባባዩ ጋ ሳትደርስ ግን ትር ትር ብላ ቆመች። ታላቅየው፣ “በቃ፣ ተከተለቻቸው” አለ።

የዚያ ዘመን ቮልስ የቤንዚን መለኪያ የላትም። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና ጫማዋን አወለቀች፤ አባቷ ሲያደርጉ ታይ እንደነበረው በእግሯ ጣት ከፔዳሎቹ በላይ ያለችውን ትንሽ ቧንቧ መዝጊያ ወደ መጠባበቂያው አዞረቻት። አምስት ሊትር ያህል ቀርቶላት ነበር። እንደገና ገፋናት።