ጅብ ከሄደ በኋላ የተሠራ በር

እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ፣ በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኔትወርክ መስመር ላይ አንድ ድብቅ ፕሮግራም ተገኘ። የሚሰብረውም የሚያጠፋውም ነገር አልነበረም። በመስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ ያዳምጣል፤ የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል እየለቀመ ይመዘግባል። ሲደረስበት የብዙ ሺህ ሰዎችን የይለፍ ቃል ሰብስቦ ነበር። ለዚህ ምንም ረቀቅ ያለ ጥበብ አላስፈለገውም። ከሩቅ ሆነው ፋይላቸውን የሚከፍቱ ተማሪዎችና መምህራን የሚጽፉት የይለፍ ቃል በሽቦው ላይ የሚጓዘው እንደተጻፈ፣ ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ ነበርና።

የይለፍ ቃል ስርቆት ግን ከኔትወርክም ይቀድማል። በኖቬምበር 1961 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ለእይታ አቀረቡ። እስከዚያ ድረስ ተመራማሪው ፕሮግራሙን በተበሱ ካርዶች አዘጋጅቶ ለኦፕሬተር ያስረክብና ውጤቱን ይጠብቅ ነበር። አዲሱ ሥርዓት አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት አስቻለ። የጋራ ማሽን ላይ የየግል ፋይል ሲቀመጥ የአንዱን ከሌላው መለየት ግድ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም የይለፍ ቃል ተሰጠ።

ብዙም አልቆየም። በ1962 አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት 4 ሰዓት አልበቃው አለ። የይለፍ ቃሎቹ ያሉበት ፋይል እንዲታተምለት በተበሳ ካርድ ጥያቄ አስገባ፤ ማሽኑም ሳያንገራግር አተመለት። ከዚያ ወዲያ በሌሎች ስም እየገባ ሥራውን ይሠራ ጀመር። በ1966 ደግሞ በዚያው ሥርዓት ሁለት ፋይሎች ተምታቱና የይለፍ ቃሎቹ ዝርዝር ለዕለቱ ማስታወቂያ በተተወው ቦታ ገባ፤ በዚያን ሰዓት ወደ ኮምፒውተሩ የገባ ሁሉ የሁሉንም ሚስጥር ፊት ለፊት አየ። ተጠቃሚው የአንድ ግቢ ሰው፣ የሥራ ባልደረባ ስለነበር ዝርዝሩን ወደ ሚስጥር ጽሑፍ ለውጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል ያለ ሰው አልነበረም።

ይህ የጎረቤት አመኔታ ከግቢ ወጥቶ ኔትወርክ ላይም ተሳፈረ። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም አርፓኔት በተባለው የኢንተርኔት ቀዳሚ ኔትወርክ የመጀመሪያው የመግቢያ ሙከራ ተደረገ፤ ሁለት ፊደል እንደደረሰ ሥርዓቱ ወደቀ። በ1971 የኤም.አይ.ቲ. ተማሪ የነበረው አብሃይ ቡሻን ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማስተላለፊያ ደንብ፣ ኤፍቲፒን፣ ጻፈ። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ለማዘዝ ቴልኔት፣ ፋይል ለማምጣትና ለመላክ ኤፍቲፒ የዩኒቨርሲቲዎች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኑ። ሁለቱም የይለፍ ቃልን ሳይሸፍኑ ይልኩ ነበር።

ጅቡ ሳይመጣ የጮኸ ውሻ አልጠፋም፤ ስሙም ኬርቤሮስ ነው፣ በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ። ኤም.አይ.ቲ. በ1983 ከአይቢኤምና ከዲጂታል ኢኩዊፕመንት ጋር አቴና የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር በግቢው ዙሪያ ማንም ተማሪ የሚቀመጥባቸው ኮምፒውተሮች ተዘረጉ። ንድፍ አውጪዎቹ መስመሩንም ማሽኑንም ማመን እንደማይቻል ከመነሻው ተቀበሉ። ስለዚህ ለፕሮጀክቱ በሠሩት በኬርቤሮስ የይለፍ ቃሉ ራሱ በሽቦው አይጓዝም። ማዕከላዊው ሰርቨር ጊዜው የተወሰነ፣ የተመሰጠረ ትኬት ይሰጣል፤ ተማሪው ትኬቱን እያሳየ ፋይሉን ይከፍታል፣ ያሳትማል። ማይክሮሶፍት ከጊዜ በኋላ ይህንኑ ዘዴ በዊንዶውስ 2000 ውስጥ አስገብቶታል።

ኬርቤሮስ ግን ማዕከል ይፈልጋል፤ ማዕከሉን የሚተክልና የሚያስተዳድር ባለሙያም ይፈልጋል። ይህ በሌለበት ግቢ ቴልኔትና ኤፍቲፒ እንዳሉ ቀጠሉ። የሄልሲንኪው አድማጭ ፕሮግራም የበላውም ይህንኑ ነው።

ከተሰረቁት መካከል በሄልሲንኪው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው የታቱ ኡሎነን ድርጅት የይለፍ ቃልም ይገኝ ነበር። ኡሎነንም መከላከያ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ፤ በጁላይ 1995 ኤስኤስኤች የተባለውን ፕሮግራሙን ከነምንጭ ኮዱ በነፃ ለቀቀ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ተጠቃሚው አንድም ፊደል ሳይጽፍ አስቀድመው ለዚያች ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል የሚስጥር ቁልፍ ይስማማሉ። የወዲያኛው ማሽን የራሱን ቁልፍ አሳይቶ ማንነቱን ያረጋግጣል። የይለፍ ቃሉ የሚላከው ከዚህ በኋላ፣ ተመስጥሮ ነው። የፈለገ ደግሞ የይለፍ ቃልን ትቶ ጥንድ ቁልፍ ይጠቀማል፤ አንዱን ሰርቨሩ ላይ ያኖራል፣ ሚስጥራዊው ከእጁ አይወጣም።

ፕሮግራሙ የራሱ የፖርት ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተር አገልግሎቶችን የሚለይበት ቁጥር፣ አስፈለገው። ኤፍቲፒ 21ን፣ ቴልኔት 23ን ይዘዋል። ኡሎነን ሁለቱንም የሚተካ መሣሪያ ነበር የሠራውና በመካከላቸው ክፍት የነበረውን 22 እንዲሰጡት የኢንተርኔት ቁጥሮችን ለሚያድለው አካል ኢሜይል ጻፈ። በማግስቱ ተፈቀደለት።

ዓመቱ ሳያልቅ ኤስኤስኤች በ50 አገሮች 20,000 ያህል ተጠቃሚ አፈራ። ኡሎነን በዲሴምበር ኩባንያ አቋቋመ፤ ከዚያ በኋላ የወጡት የፕሮግራሙ ቅጂዎች የአጠቃቀም ገደብ እየጠበቀባቸው ሄደ። በ1999 ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለሙያዎች በነፃ ፈቃድ ከወጣ ቀደምት ቅጂ ተነስተው ኦፕንኤስኤስኤችን ሠሩ። ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ያለው ይህ ነው፤ ፋይል ለማስተላለፍም ኤስኤፍቲፒ የተባለው አካሉ የድሮውን ኤፍቲፒ ቦታ ወስዷል።

የቀረው ጥያቄ እንግዳው ነው፦ የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ሰው በሌላው ግቢ ሲገኝ እንዴት ይስተናገድ? በ2002 በሆላንድ የትምህርት ኔትወርክ ይሠራ የነበረው ክላስ ቪረንጋ ባቀረበው ሐሳብ መነሻነት ኤዱሮም የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የዋይፋይ አገልግሎት በአውሮፓ ተጀመረ። እንግዳው የሚያስገባው የይለፍ ቃል ተመስጥሮ ወደ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ አስተናጋጁ ግቢ የሚደርሰው «ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚል መልስ ብቻ ነው። እንግዳው ከገባ በኋላ በፖርት 22 ወይም ቪፒኤን በተባለ የተመሰጠረ መስመር አልፎ አገሩ ያለውን ፋይል ይከፍታል፤ አስተናጋጁም የፋይሉን ይዘት አያይም።